ራስን «ዲሚን» ማድረግ፦ ጠባይን መያዝ ነው ወይስ መዋረድ?

አራዳ አንባቢ

ሰላም ለቤቱ። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በነሐሴ 1790 እ.ኤ.አ. በሮድ አይላንድ፣ በኒውፖርት ከተማ ለሚገኘው የአይሁድ ማኅበር የጻፉትን አጭር ደብዳቤ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። በሃይማኖት ነጻነት ታሪክ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣ ደብዳቤ ነው፤ መንግሥታቸው ለጭፍን ጥላቻ ፈቃድ፣ ለአሳዳጅም ድጋፍ እንደማይሰጥ የተናገሩበት። እስከዚያ ድረስ በሰላም መጣሁ። ቀጥሎ ግን መንግሥት በጥላው ሥር ከሚኖሩት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው ይልና «እንደ መልካም ዜጎች ራሳቸውን ዲሚን እንዲያደርጉ» የሚል የእንግሊዝኛ ግስ (demean) ያመጣል። ስልኬ ላይ ያለው የትርጉም ፕሮግራም ምን ብሎ ቢመልሰው ጥሩ ነው? «እንደ መልካም ዜጎች ራሳቸውን እንዲያዋርዱ»!

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የተማሪ መዝገበ ቃላትም የተለየ ነገር አልነገረኝም፦ ማዋረድ፣ ማቃለል፣ ክብርን ዝቅ ማድረግ። ዋሽንግተን ከአገር አገር ሲሳደድ ለኖረ ሕዝብ «እዚህም ተዋርዳችሁ ኑሩ» ብለው ይጽፋሉ ብዬ ማመን አቃተኝ። የምታውቁ ካላችሁ አንድ በሉኝ።

ሊቀ ነገር

ጥርጣሬዎ ልክ ነው። በደብዳቤው ውስጥ ያለው ዲሚን እና መዝገበ ቃላትዎ ያሳየዎት ዲሚን ፊደላቸውም ድምፃቸውም አንድ ነው፤ በትውልድ ግን አይገናኙም። ሞክሼ ናቸው እንጂ ወንድማማች አይደሉም።

የዋሽንግተን ዲሚን በዕድሜ ታላቁ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ መሠረቱ «መምራት» የሚል ትርጉም ያለው «ሜኔ» የሚባለው ግስ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ላቲን ስንወርድ ነገሩ ይጣፍጣል። በላቲን «ሚናይ» ዛቻ ማለት ነው፤ «ሚናሪ» ደግሞ መዛት። በኋለኛው ዘመን ላቲን ይኸው ቃል ከብት ለመንዳት ይነገር ጀመር። እረኛ ከብቱን የሚነዳው በምክር አይደለምና፤ ይጮኽበታል፣ ዱላውን ያነሣበታል፣ ይዝትበታል፣ ከብቱም ይሄዳል። ከዛቻ መንዳት ወጣ፤ ከመንዳት መምራት ወጣ፤ ቃሉ ሰው በራሱ ላይ ሲያውለው ደግሞ ራስን መምራት፣ ራስን መያዝ፣ ጠባይን ማሳየት ሆነ። «ዲሚነር» የሚለው ስምም ከዚሁ ነው፤ የሰው አያያዝ፣ ሁኔታ፣ የፊቱና የአቋሙ ነገር ማለት ነው።

ከዚያው ዛቻ የተወለዱ ዘመዶች ዛሬም በእንግሊዝኛ አሉ። «ሜናስ» የአያቱን መልክ እንደያዘ ዛቻና አስጊ ነገር ማለት ነው። «አሚነብል» ልመራ ብሎ እሺ ለሚል ሰው ይነገራል። «ፕሮሜናድ» ደግሞ ከሁሉም ርቆ ሽርሽር ሆኗል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ በቀስታ የሚሄዱ ባልና ሚስት ከከብት ጩኸት ጋር ዝምድና እንዳላቸው ማን ይነግራቸዋል?

ሁለተኛው ዲሚን ሌላ ታሪክ አለው። ማታ እመለስበታለሁ።

ዝምተኛዋ

እንደ ስሜ ዝም ብዬ ማንበብ ነበር ልማዴ፤ ነገሩ ወደ ሕግ ስለመጣ ግን ልግባ። ሐረጉን ዋሽንግተን ከራሳቸው አላመነጩትም። የዘመኑ ሕግ አርቃቂዎች የሚወዱት አባባል ነበር። የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት በ1780 ሲወጣ በሦስተኛው አንቀጽ፣ ራሳቸውን በሰላምና እንደ ጥሩ ተገዢዎች «ዲሚን» የሚያደርጉ የክርስቲያን ወገኖች ሁሉ በእኩልነት የሕግ ጥበቃ ያገኛሉ ይላል። በሐምሌ 1787 ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ላለው ግዛት የወጣው ድንጋጌም በመጀመሪያው አንቀጹ፣ ራሱን በሰላምና በሥርዓት «ዲሚን» የሚያደርግ ማንም ሰው በአምልኮው ወይም በእምነቱ ምክንያት አይነካም ይላል። ያ ግዛት ዛሬ ኦሃዮ፣ ኢንዲያና፣ ኢሊኖይ፣ ሚሺጋን እና ዊስኮንሲን የምንላቸውን ክፍለ ግዛቶች የያዘ ነው።

ሦስቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። የ1780ው «ክርስቲያኖች» አለ፤ የ1787ቱ «ማንም ሰው» አለ፤ በ1790 ደግሞ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለአይሁድ ጻፉት። ግሱ ግን ያው ነው። የሰውየውን እምነት ትቶ አካሄዱን ብቻ የሚጠይቅ ግስ በመሆኑ፣ አጥሩ ሲሰፋ እሱን መቀየር አላስፈለጋቸውም። በትርጉሙ ላይ «ማዋረድ» ከገባ ጠፍቶ የሚቀረው ይህ ነው።

የሰፈር ፈላስፋ

ሊቀ ነገር፣ እውቀትዎን አከብራለሁ፤ «ሁለት ቃል ነው» የሚለው ግን አልተዋጠልኝም። ስለ ጠባይ የሚናገር ቃል ወደ ክፉ ማዘንበሉ የትም ያለ ነገር ነው። የራሳችንን እንይ። «አመል» በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ «አመል አለበት» ወይም «አመለኛ» ስንል ግን ሰውየውን ማመስገናችን ነው? «ጠባዩን አሳየ» ሲባል ጥሩ ነገር አሳየ ብሎ የሚረዳ አለ? ጠባይ የሚወራው ሲበላሽ ነው፤ የተስተካከለውን ማንም አያነሣውም። እንግሊዞችም «እንዲህ ራሱን ያዘ» ሲሉ ሲሉ «እንዲህ ራሱን አዋረደ» ወደሚለው ቢሻገሩ ምን ይደንቃል? አንድ ቃል ነው፤ ቁልቁል ወረደ። ሌላ አባት ፍለጋ መሄድ ለምን አስፈለገ?

ሊቀ ነገር

ያስፈለገውማ አባቱ ስለሚታወቅ ነው። ሁለተኛው ዲሚን ውስጥ የተቀመጠው «ሚን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው፤ ዝቅተኛ፣ መናኛ ማለት። መነሻው በጥንታዊ እንግሊዝኛ «የጋራ» ማለት ነበር፤ የጀርመንኛው «ገማይን» የቅርብ ዘመዱ ሲሆን እስከ ዛሬ «የጋራ»ም «ክፉ»ም ይሆናል። የጋራ የሆነ ነገር የሁሉም ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ልዩ አይደለም፤ ልዩ ያልሆነ ነገር ዝቅ ያለ ነው፤ በቃ። በእኛም «ተራ» ማለት ሰልፍና መደዳ ነበር፤ አሁን ግን «ተራ ሰው»፣ «ተራ ወሬ» ስንል ንቀቱ እዚያው አለ።

በ1600 እ.ኤ.አ. አካባቢ «ዲቤዝ» የሚል ግስ ነበር፤ «ቤዝ» ዝቅተኛ፣ «ዲቤዝ» ዝቅ ማድረግ። በዚያ አምሳል «ሚን»ን ወስደው ፊቱ ላይ «ዲ» ቀጠሉበት፤ ዲሚን ተወለደ። «ቢሚን» የሚባል በዚያው ትርጉም የሚሠራ እኅትም ነበረው፤ ዛሬ የሚጠቀምበት የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ አንዱ የከብት መንጃ፣ አንዱ የተራ ነገር ልጅ ነው። ባዕዳን ናቸው።

ሆኖም የሰፈር ፈላስፋን ባዶ እጁን አልሰደውም። ሁለቱ ቃላት የተገናኙበት በር አለ፤ በሩም «ራስን» የሚለው ቃል ነው። በ1594 እ.ኤ.አ. የታየውን የሼክስፒርን መንትዮች ኮሜዲ አስታውሱ። አንዲት ሴት ለአንቲፎለስ ዐርባ ዱካት የሚያወጣ ቀለበቷን ሰጥታዋለች፤ በምትኩ የወርቅ ሐብል ሊሰጣት ቃል ገብቷል። መንገድ ላይ ያገኘችው ግን መንትያውን ነው፤ እሱም አላውቅሽም ይላታል። ሴትዮዋ ለብቻዋ ቀርታ፣ ይህ ሰው በእርግጥ አብዷል፣ ባያብድ ኖሮ ራሱን እንዲህ «ዲሚን» አያደርግም ነበር ትላለች። እንግዲህ ምን ማለቷ ነው? «እንዲህ ያለ ጠባይ አያሳይም ነበር» ወይስ «ራሱን እንዲህ አያዋርድም ነበር»? ከዘመኑ አንጻር የመጀመሪያው ይሻላል። የዛሬ ተመልካች ግን ያለ ጥርጥር ሁለተኛውን ይሰማል፤ ዐረፍተ ነገሩም አይከለክለውም። ክፉ ሥራ የሠራን ሰው «ራሱን እንዲህ ዲሚን አደረገ» ብንለው ሁለቱም ትርጉሞች ቦታው ላይ ይገጥማሉ። ታናሹ ቃል ታላቁ ቤት የገባው በዚህ በር ይመስለኛል።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ ሁለቱንም ትርጉሞች መዝግቧቸዋል። ከዚያ በኋላ የተነሡ የሰዋስው ሰዎች ግን ታናሹ ይውጣ ብለው ተቆጡ፤ ዲሚን ማለት ጠባይን መያዝ ነው፣ ማዋረድ የሚለው ያልተማረ ሰው አነጋገር ነው አሉ። ውጤቱን አራዳ አንባቢ ጠረጴዛው ላይ አይቶታል። ያልተማረ የተባለው ነገሠ፤ የተማረው ለብቻው መቆም አቅቶት በ«ዲሚነር» እና በ«ሚስዲሚነር» (በሕግ ከከባድ ወንጀል ዝቅ ያለ የወንጀል ደረጃ) ውስጥ ተጠልሎ ይኖራል።

የሰፈር ፈላስፋ

ግማሽ ነጥብ ተቀብያለሁ። ሌላውን ግማሽ ሲመቸኝ እጠይቃለሁ።

ጠያቂዋ

ነገር ላጣምም አይደለም፤ ግን ይህ «ሚን» የሚሉት ቃል ቤተሰብ እያጣላ ነው። እኔ የምኖረው ለንደን ነው፤ እዚህ «ሚን» ሰው ማለት ኪሱ የማይፈታ ንፉግ ነው። ዳላስ ያለችው እኅቴ ግን ክፉ፣ ሰው የሚያስቀይም ማለት ነው ትላለች። ማንኛችን ነን ልክ?

ሊቀ ነገር

ሁለታችሁም። ከ«ዝቅተኛ» ተነሥቶ ብሪታንያ ላይ ወደ ገንዘብ፣ አሜሪካ ላይ ወደ ልብ ሄደ። በሒሳብ ክፍል «አማካይ» ተብሎ የተማራችሁት «ሚን» ግን ከላቲን «መካከለኛ» የመጣ ሌላ ቃል ነው፤ «ማለት» የሚለው ግስም ሌላ። ከዚህ በላይ ከቆጠርሁ መድረኩን ያዘጉብኛል።

አራዳ አንባቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ አገኘሁ። የደረስሁበት ይህ ነው፦ «በጥላው ሥር የሚኖሩ ሁሉ እንደ መልካም ዜጎች እንዲመላለሱ ብቻ ይሻል።» «ጠባያቸውን እንዲያሳምሩ» ብዬ ነበር፤ ግን አስተማሪ ለልጆች የሚናገረው መሰለኝ። «ራሳቸውን እንዲገዙ»ም ጥሩ ነበር፤ «መግዛት» የሚለው ቃል ግን በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ከመንግሥት አጠገብ ሲቆም ሌላ ነገር ያስባል። «መመላለስ» የሄደበትን መንገድ ሁሉ ይይዛል፤ አንድ ቀን የታየ ጠባይ ብቻ አይደለም።

ሊቀ ነገር

መልካም ነው፤ ነገር ግን «መመላለስ» በዚህ ትርጉሙ የመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ነው። «በእውነት ተመላለሱ» የሚል ሰባኪ ድምፅ ይሰማኛል። ለመንግሥት ደብዳቤ አይከብድም?

ዝምተኛዋ

ደብዳቤው ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ መጽሐፍ ቅዱስ ይሸታል እኮ። መጨረሻው አካባቢ የአብርሃም ልጆች እያንዳንዳቸው ከወይናቸውና ከበለሳቸው ሥር ያለ ስጋት ይቀመጡ የሚል ምኞት አለ፤ ከትንቢተ ሚክያስ 4 የተወሰደ። ዋሽንግተን ያንን አባባል እጅግ ይወዱት ነበር። ስለዚህ «ይመላለሱ» ከወይኑና ከበለሱ ጋር አይጣላም። እኔ ብሆን አልነካውም።

አስተርጓሚ ከቨርጂኒያ

«ሚስዲሚነር» ስለተነሣ የዕለት እንጀራዬ ነውና ልናገር። ቃሉ ቢፈታ «ክፉ አያያዝ»፣ «የጠባይ ጉድለት» ከማለት አያልፍም። ሰዉም እንደዚያው ቀለል አድርጎ ይሰማዋል። ችሎት ውስጥ ለወገኖቼ ሳስተረጉም ትልቁ ጭንቀቴ ይኸው ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ደንብ መተላለፍ» ይሉታል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው፣ ደንብ መተላለፍ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ቅጣቱም ቀላል ነው። የቨርጂኒያው ግን እንደዚያ አይደለም። አንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል።

ምሳሌ ልስጥ። በቨርጂኒያ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ የትራፊክ ቲኬት ከፍሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስሙ ግዴለሽ አነዳድ ይባላል፤ አንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር ነው፤ የወንጀል መዝገብ ላይ ይጻፋል። አንድ አሽከርካሪ «ደንብ መተላለፍ» ተብሎ ሲተረጎምለት ፊቱ ሲፈታ ታያላችሁ፤ «እሺ፣ አጥፍቻለሁ፣ ከፍዬ ልሂድ» ይላል። እዚያ ላይ ነው ላብ የሚያጠምቀኝ፤ አስተርጓሚ ምክር መስጠት አይፈቀድለትምና። በአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ደግሞ ለጊዜያዊ ጥበቃ የሚያመለክት ሰው ሁለት ሚስዲሚነር ከተፈረደበት ጥበቃውን ያጣል። ለሱ «የጠባይ ጉድለት» አይደለም፤ አገር ውስጥ የመቆየትና ያለመቆየት ጉዳይ ነው።

እኔ «ቀላል ወንጀል» እላለሁ። «ቀላል» የሚለው ባይኖርበት ደስ ይለኝ ነበር፤ «ወንጀል» የሚለው ቃል ግን መስማት ለሚገባው ሰው ይደርሳል። ጉዳይ ያለበት ሰው ግን ጠበቃ ይያዝ፤ ይህ መድረክ ጠበቃ አይሆንም።

ጠያቂዋ

ለንደን ግን ይህን ቃል ፍርድ ቤት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ዝምተኛዋ

አትሰሚውም። እንግሊዝ ከባድ ወንጀልንና ሚስዲሚነርን የሚለየውን አጥር በ1967 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ አፍርሳዋለች። ድሮ ልዩነቱ የንብረት ጭምር ነበር፤ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ሀብቱን ይወረስ ነበር፣ በሚስዲሚነር ግን አይወረስም። ውርሱን በ1870 አስቀሩት፤ ከዚያ ወዲህ አጥሩ ራሱ ብዙ ጥቅም አልነበረውም። አሜሪካኖች ግን የወረሱትን ይዘው ቀሩ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ነው። ፕሬዚዳንት ከሥልጣን የሚወርደው በአገር ክህደት፣ በጉቦ፣ ወይም በሌሎች «ከፍተኛ ወንጀሎችና ሚስዲሚነሮች» ነው ይላል። አንዳንድ የአማርኛ ዜና ይህን «ከፍተኛ ወንጀሎችና ቀላል ጥፋቶች» ብሎ ሲያቀርበው ሰምቻለሁ፤ ፕሬዚዳንት በቀላል ጥፋት ይወርዳል ማለት ነው? «ከፍተኛ» የሚለው ሁለቱንም ይገዛል፤ በሥልጣን ከፍታ ላይ ያለ ሰው የሚፈጽመው የአያያዝ ጥፋት ማለት ነው። በመስከረም 1787 ሕገ መንግሥቱን ባረቀቀው ጉባኤ ላይ ጆርጅ ሜሰን የተባለ ተወካይ ክህደትና ጉቦ ብቻ አይበቃም ብሎ «የአስተዳደር ብልሹነት» የሚል እንዲጨመር ጠየቀ። ሌላው ተወካይ ጄምስ ማዲሰን ይህ እጅግ ልል ነው፣ ፕሬዚዳንቱ ሴኔቱ እስከወደደው ድረስ ብቻ ይቀመጣል ማለት ይሆናል ብሎ ተቃወመ። ሜሰንም ያንን ትቶ ይህን ከእንግሊዝ ፓርላማ የቆየ አባባል አመጣ።

እናንተ ስትከራከሩበት የዋላችሁት፣ ጠባይና ውርደት፣ አንድ ላይ የተገናኙትም በዚሁ ሕግ ነው። በ1868 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ሲከሰሱ ዐሥረኛው የክስ አንቀጽ ስለ ንግግራቸው ብቻ ነበር። የሥልጣናቸውን ክብርና ወግ ረስተው፣ በሕዝብ ፊት ጮኸው ተናግረው፣ ምክር ቤቱን አዋርደዋል፤ ይህም «ከፍተኛ ሚስዲሚነር» ነው ተባለ። ሴኔቱ በዚያ አንቀጽ ላይ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ፤ ድምፅ በተሰጠባቸው በሦስቱ አንቀጾች ግን 35 ለ19 ሆነ፤ ለማውረድ 36 ያስፈልግ ነበር። በአንድ ድምፅ ተረፉ።

የቅኔ ተማሪ

ዘግይቼ መጣሁ። ስለ ጠባይ የሚናገር ቃል ሁልጊዜ ይወርዳል የሚለውን የሰፈር ፈላስፋን ነገር ላንሣ። ሁልጊዜ አይወርድም፤ የሚወጣም አለ። እንግሊዝኛ «ልዩድ» የሚል ቃል አለው፤ ዛሬ ዝሙተኛ፣ አሳፋሪ ማለት ነው። በጥንት ዘመን ግን ካህን ያልሆነ ሰው፣ ምእመን ማለት ብቻ ነበር። ካህን ካልሆነ አልተማረም፤ ካልተማረ ባለጌ ነው፤ ባለጌ ከሆነ ዝሙተኛ ነው ተብሎ ደረጃ በደረጃ ወረደ።

አሁን የእኛን «ጨዋ» ተመልከቱ። በቤተ ክህነት አነጋገር ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ካህን ያልሆነ ሰው ነው። አብነት ትምህርት ቤት የቆየ ሰው «እሱ ጨዋ ነው» ሲባል ሙገሳ እንዳይመስላችሁ፤ ፊደል አይቆጥርም፣ ዜማ አያውቅም ማለት ነው። ከልዩድ ጋር መነሻ ትርጉማቸው አንድ ነው። ግን የእኛው ከቤተ ክህነት ቅጥር ሲወጣ የታረመ፣ የተከበረ፣ ጠባየ መልካም ሆነ፤ የእነሱ ገደል ገባ።

የሰፈር ፈላስፋ

ግማሽ ነጥቤን የምጠይቅበት ቀን ዛሬ ነበር፤ ይኸው ነጠቁኝ። የእኛው ለምን ወጣ ታዲያ?

የቅኔ ተማሪ

እኔ እንደምገምተው ጦር ስለነበረው ነው። ጨዋ በመካከለኛው ዘመን ዜና መዋዕሎች የንጉሡ ወታደር ነው። የጨዋ ጭፍሮች በየጠረፉ ይሰፍሩ ነበር፤ በሰፈሩበትም ባለ መሬት ይሆኑ ነበር። መሬት ያለውና ለማንም ባሪያ ያልሆነ ሰው ጨዋ ተባለ፤ ልጁ «የጨዋ ልጅ» ሆነ፤ የቤቱ ወግና ሥርዓት ደግሞ «ጨዋነት» ሆነ። የእንግሊዙ ምእመን በተማረው ካህን ሚዛን ብቻ ተመዘነ፤ የእኛው ሌላ ሚዛን ነበረው። ከጭፍሮቹ ስም አንዳንዱ ዛሬም የቦታ ስም ነው፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሚታወቀው ጃን አሞራ የሚባለው ጭፍራ ለሰሜን ጎንደሩ ለጃናሞራ ስሙን ትቶለታል።

ዋልያ 12

የጃናሞራ ሰው ነኝ፤ እስካሁን ሳነብ ነበር። ጨዋነታችን በታሪክ ተረጋገጠ ማለት ነው። ለዘመዶቼ ከመላኬ በፊት ግን ይነገረኝ፤ በየትኛው ትርጉም ነው?

የቅኔ ተማሪ

በወታደሩ። የቤተ ክህነቱን አይላኩላቸው።